የአራት ቀን ወንፈል

የ1930 ክረምት በኮልፌ ክፉ ነበር። ዝናቡ ግንቦት ሳያልቅ ገባና እስከ መስቀል አልቆመም። ገብሱ ከነዛላው ተኝቶ በሰበሰ። ወደ ሆለታ የሚወስደውን መንገድ የጣሊያን ካሚዮኖች ስለፈጩት ጭቃው ከጉልበት በላይ ሆነ። ጤፍ ከገበያ ጠፋ፤ ያለውም ሰው በሊሬ አልሸጥም አለ፣ ጠገራ ብር ካላየ ስልቻውን አይፈታም። ሐምሌ ውስጥ ብቻ ከሰፈሩ አሥራ አንድ ሰው ተቀበረ። አርበኛ እንፈልጋለን እያሉ የሚዞሩት ባንዶች ለዘር የተቀመጠ ባቄላ እንኳ አላስተረፉም። ሰው ከጎረቤቱ ጋር ሲነጋገር ድምፁን ዝቅ ማድረግ ለመደ።

ፈቀደ ያንን ክረምት ያሳለፈው ከእህቱ ከትርንጎ እጅ እየበላ ነው። ዕድሜው ሃያ ስድስት፣ ጉልበቱ ደህና፣ እጁም ቀና ነበር። የሚጠራው ግን አልነበረም። ቤት ሲሠራ አይጠሩትም፣ እርሻ ሲታረም አይጠሩትም፤ ወንፈል ሲቆጠር ስሙን ይዘሉታል። ቀን ሰጥቶ ቀን የሚቀበል ሰው ልቡ የተቀመጠ መሆን አለበት ይሉ ነበር። የፈቀደ ልብ ደግሞ ከ1929 የካቲት ወዲህ በቦታው አልነበረም። አንዳንዴ መንገድ መሃል ይቆማል፤ ሲጠሩት አይሰማም። ካሚዮን ሲያልፍ ላብ ያጠምቀዋል። ሁለት ሳምንት ጠበል አስገብተውት ነበር፤ ከጠበሉ ይልቅ የታሰረበትን ገመድ ነው የሚያስታውሰው።

መስቀል ካለፈ በኋላ፣ አንድ ረቡዕ ጠዋት፣ ሥራ ፍለጋ፣ በኦቦ ገሜዳ የመጋዣ ጉድጓድ አፋፍ ላይ ቆሞ ነበር።

"ውረድ እንጂ!" አለው ከታች መጋዝ ጎታቹ ይገዙ። ፊቱና ቅንድቡ በሰጋቱራ ተሸፍኗል። "እዚህ ያለሁት ጋኔን እኔ ብቻ ነኝ። ዛሬ ደግሞ ረቡዕ ነው፣ ሥጋ አልበላም።"

ኦቦ ገሜዳ ከመናገሻ ጫካ የሚመጣውን ዝግባ እየሰነጠቁ ጣውላና ሞራሌ የሚያወጡ ሽማግሌ ናቸው። ጣሊያን አዲስ ገበያ ያሠራ ስለነበር ጣውላ ፈላጊው ብዙ ነው። ግንዱ በጉድጓዱ አፍ ላይ ይጋደማል። አንዱ ሰው ግንዱ ላይ ይቆማል፣ አንዱ ከሥር ይገባል፤ ባለ ሁለት እጀታውን ረጅም መጋዝ አንዱ ሽቅብ፣ አንዱ ቁልቁል ይስቡታል። ላይ የሚቆመው መስመሩን ያያል። ታች ያለው ይጎትታል፣ ሰጋቱራውንም ይበላል። ጀማሪ ሁልጊዜ ከታች ነው።

ፈቀደ የመሰላሉን አንደኛ እርከን ረገጠ። ሁለተኛውን ረገጠ። የርጥብ አፈር ሽታ አፍንጫው ውስጥ ገባ። ቀና ሲል ሰማዩ ጠብቦ አየው። ከዚያ በኋላ የሆነውን አያውቅም። ራሱን ሲያገኝ ከሰጋቱራው ክምር ጀርባ ተቀምጦ፣ ጉልበቱን አቅፎ፣ ጥርሱ እየተንገጫገጨ ነበር።

"መጋዙን ሳይነካው ደከመው!" አለ ይገዙ ከጉድጓዱ ብቅ ብሎ። "እኔ ስድስት ዓመት እዚህ ስኖር እንዲህ የላበኝ ቀን የለም።"

"ዝም በል አንተ" አሉት ኦቦ ገሜዳ። ለፈቀደ ውኃ በቅል አመጡለት። ቀኝ ትከሻቸው አብጦ ከግራው ከፍ ብሏል፤ ቅሉን በግራ እጃቸው ነበር የያዙት።

ፈቀደ ጠጥቶ ተነሣ። በግንዱ አጠገብ ሲያልፍ ግን ቆመ። ግንዱ ላይ በከሰል የተነከረ ክር የመታው ጥቁር መስመር ነበር።

"ይህ መስመር ስቷል" አለ።

"ምን አልክ?"

"ጫፉ ላይ ወደ ግራ ሄዷል። አንድ ጣት ይሆናል።"

ይገዙ ሳቀ። ኦቦ ገሜዳ አልሳቁም። ክሩን አውጥተው እንደገና ዘረጉት፣ በአንድ ዓይናቸው አዩት። አንድ ጣት ነበር።

"ማን አስተማረህ?"

"ማንም።"

ሽማግሌው ግንዱ ላይ ተቀመጡ።

"የእኔ ትከሻ ከዚህ በጋ አያልፍም" አሉ። "ላይ የሚቆም ሰው እፈልጋለሁ። ይገዙ ጉልበት እንጂ ዓይን የለውም።"

"እንዴ፣ እኔ እዚህ ቆሜ?" አለ ይገዙ።

"ስለቆምክ ነው የምናገረው። ከላይ የጀመረ ሰው እስካሁን አላየሁም። እኔ ራሴ ሦስት ዓመት ከሥር ነበርኩ። ግን ይህ ልጅ ጉድጓድ ካልሆነለት ላይ ይማር።"

"እኔ ከሥሩ አልገባም!" ይገዙ አሁን አልቀለደም። "መሃል ላይ ያ ነገር መጥቶበት መጋዙን ቢለቅ አናቴን ለሁለት ነው የሚከፍለው። ሚስትም ልጅም አለኝ፣ ኦቦ ገሜዳ።"

ሽማግሌው ራሳቸውን ነቀነቁ። ወደ ፈቀደ ዞረው፣ "ቅር አይበልህ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ" አሉ። "ይህ ነገር አብሮህ የተወለደ ነው ወይስ የደረሰብህ?"

"የደረሰብኝ ነው።"

"መቼ?"

"በየካቲት።"

በኮልፌ ስለ የካቲት ሰው ከዚህ በላይ አይጠይቅም።

"የደረሰ ከሆነ አብሬው መኖር እችላለሁ" አሉ ኦቦ ገሜዳ። "ምን እንደሚያስነሣው አውቀን ከሱ እናርቅሃለን። አብሮህ የተወለደ ከሆነ ግን መቼ እንደሚመጣ አንተም አታውቅ፣ እኔም አላውቅ። የሰው ራስ ከሥርህ ይሆናል። ስለዚህ ከልጅነትህ የሚያውቅህን ሰው አምጣና ይናገር። ዋስህ እሱ ነው። ሌላ ዋስ አልፈልግም።"

ፈቀደ ሊሮጥ ምንም አልቀረውም። የሚያመጣውን ሰው ለማሰብ ጊዜ አላስፈለገውም። የእህቱ ባል ጉልላት ነበር።

ጉልላት ከፈቀደ በስድስት ዓመት ይበልጣል። በአንድ አጥር ነው ያደጉት። ጨዋ፣ ንግግሩ የተለካ፣ በሰፈሩ የሚደመጥ ሰው ነው። በዚያች የካቲት ዓርብ ቤቶች መቃጠል ሲጀምሩ፣ ትርንጎና ልጆቹ ወደ ገፈርሳ ዘመድ ቤት ሸሽተዋል። ፈቀደ ከአራዳ እየሮጠ የደረሰው ከዚያ በኋላ ነው። ጉልላት አንገቱን ይዞ ወደ ጓሮ ወሰደው፣ ባዶ የነበረው የእህል ጉድጓድ ውስጥ አስገባው። "ሲመሽ መጥቼ አወጣሃለሁ" አለው። ክዳኑን ትንሽ ቀዳዳ ትቶ ገጠመው፣ ገለባ ጫነበት።

ሲመሽ አልመጣም። ክዳኑን ያነሡት ሰኞ ዕለት ጎረቤቲቱ እመት ወለተጻድቅ ናቸው። እሳቸውም ባለፈው ሐምሌ ከተቀበሩት አሥራ አንዱ አንዷ ሆኑ።

በዚያ መካከል፣ ቅዳሜ ጠዋት፣ ፈቀደ ከራሱ በላይ የበቅሎ ቃጭል ሰምቶ ነበር። የጉልላትን ደረቅ ሳል ሰማ። ስሙን ጠራ። የሰው እርምጃ ቆመ። ትንሽ ቆይቶ ቃጭሉ እየራቀ፣ እየራቀ ሄደ።

ይህን ለአንድ ሰው ብቻ ነበር የነገረው፤ ለራሱ ለጉልላት። ጉልላት ትከሻውን አቅፎ መለሰለት። "በቅሎዋ እኮ ዓርብ ዕለት ከነትርንጎ ጋር ሄዳለች። እኔም መንገድ ተዘግቶብኝ ሜዳ ላይ ነበርኩ። ሰው በጨለማ ሲቆይ የማይሰማው ነገር የለም። ለማንም እንዳትናገር፤ ጨርሶ አበደ ይሉሃል።" ፈቀደ አመነው። ከገዛ ጆሮው ይልቅ እሱን አመነ። ከዚያ ወዲህ የሰማውን ሁሉ ሁለት ጊዜ መጠየቅ ለመደ፤ ጠሩኝ ወይስ መሰለኝ፣ ዘነበ ወይስ መሰለኝ እያለ። በሽታው የጠናው ያኔ ነው።

"ምን ችግር አለው፣ እመጣለሁ" አለ ጉልላት በዚያ ረቡዕ ሲለምነው። "ለዚህ ነው እንዴ እንዲህ የተቅለሰለስከው?"

ትርንጎ ከጓዳ ወጥታ ወንድሟን ጉንጩን ሳመችው። "ሥራ! ተመስገን። በል እጀ ጠባብህን አምጣና ልጠበው፣ የሰው ፊት ልትቆም ነው።"

ዓርብ ጠዋት ሁለቱም የታጠበ ልብስ ለብሰው ወደ መጋዣው ሄዱ። ኦቦ ገሜዳ ለጉልላት በርጩማ አቀረቡለት። ይገዙ መጋዙን ጉልበቱ ላይ አጋድሞ ጥርሱን በሞረድ እየሳለ ያዳምጥ ነበር።

"ልጁን ታውቀዋለህ?" አሉ ኦቦ ገሜዳ።

"አብረን ነው ያደግነው።"

"እንግዲህ የምጠይቅህን ነግሮሃል። ይህ ነገር መቼ ጀመረው?"

ጉልላት ነጠላውን አስተካከለ። መሬት መሬት አየ። "ኦቦ ገሜዳ፣ እኔ ዘመዱ ነኝ፤ ልደብቅለት በወደድኩ። ነገ ሰው ቢሞት ግን ተጠያቂው እኔ ነኝ። ከልጅነቱ ነው።"

ፈቀደ የተናገረው ሌላ ሰው መስሎት ዞር አለ።

"እናቱ ትደብቀው ነበር" ጉልላት ቀጠለ። "ሜዳ ላይ ከብት ጥሎ ሲጠፋ እኔ ነኝ እየፈለግሁ የምመልሰው። በየካቲትም ጉድጓድ ያስገባሁት ስለሚጮህ ነው፤ ሁላችንንም ሊያስፈጀን ነበር።"

"ጉልላት!" አለ ፈቀደ። "መቼ ነው የጮህኩት? ከአራዳ ስመጣ ጮኼ ነበር?"

"ለራስህ ብዬ ነው፣ ወንድሜ።"

"ከብት መቼ ጠበቅሁ? እኛ ከብት ነበረን?"

"ያዩታል?" አለ ጉልላት ለሽማግሌው፣ በሐዘን። "አያስታውስም። እስቲ ያቺን በቅሎ ንገራቸው፣ ፈቀደ። ጉድጓድ ውስጥ ሆነህ የሰማሃትን። የሌለች በቅሎ ቃጭል ሰማሁ፣ ሰው ሲስልም ሰማሁ ብሎ የነገረኝ እሱ ራሱ ነው። ሰማሁ አላልክም?"

ሁሉም አዩት። ይገዙ እንኳ ሞረዱን አቆመ።

"ብያለሁ" አለ ፈቀደ።

ኦቦ ገሜዳ ተነሥተው ከግንዱ ላይ የቀረ ቅርፊት በእጃቸው ላጡ። "ዋስህ ይህን ካለ እኔ ምን ልበል ልጄ" አሉ። "ዓይንህ ግን ያሳዝነኛል።"

ፈቀደ ወደ ቤቱ ሲሄድ ጉልላት ከኋላው ይከተለው ነበር። "ሌላ ሥራ እንፈልግልሃለን፤ ቀለል ያለ፣ አጥር መጠበቅ ምናምን" ይለው ነበር። ፈቀደ ግን፣ ከልጅነቴ ይሆን እንዴ? እያለ ያስብ ነበር። እናቱን የሚጠይቅበት መንገድ አልነበረም፤ ሞታለች። እመት ወለተጻድቅም ሞተዋል። ስለሱ እውነቱን የሚያውቁ የቀሩት ጉልላትና ትርንጎ ብቻ ነበሩ፤ ትርንጎን መጠየቅ ደግሞ ፈራ።

ሁለት ቀን ከቤቱ አልወጣም። እሑድ ትርንጎ ምግብ ይዛ መጣች። ጉልላት ለቅሶ ሄዷል። አጠገቡ ተቀምጣ የቀሚሷን ጫፍ እያጣጠፈች አለቀሰች።

"አትቀየመው" አለችው። "ለሰው ነፍስ ፈርቶ ነው። እኔም ተቆጥቼው ነበር።"

"እትዬ፣ እኔ ልጅ ሆኜ ጠፍቼ አውቃለሁ?"

"አንተ? ከእናታችን ቀሚስ ሥር መች ወጥተህ ታውቃለህ!" ብላ በለቅሶዋ መሃል ሳቀች። ሳቋ ወዲያው ቆመ። ባሏ የተናገረውን ሙሉውን እንዳልነገራት ፈቀደ ያኔ ገባው።

"ገፈርሳ የሄዳችሁ ዕለት..." አለ። "ልጆቹ አልደከሙም?"

"አዬ፣ ተወኝ! ትልቁ በእግሩ፣ ትንሹን አዝዬው። እግሬ ደም ነበር። በቅሎዋን ጭኜ ልሂድ ስለው 'ኮርቻ የሚጭን ጊዜ የለም፣ ሂጂ' ብሎ አባረረኝ። እሱ በማግስቱ፣ ቅዳሜ ረፋዱ ላይ፣ እየጎተታት ደረሰ።" አፍንጫዋን በነጠላዋ ጠረገች። "ምነው? ስለዚያ ሳምንት ጠይቀኸኝ አታውቅም። እሱም አይወድም ሲወራ።"

"እንዲሁ ነው" አለ ፈቀደ።

በቅሎዋ ነበረች። ቃጭሉ ነበረ። ሳሉ ነበረ። የቆመው እርምጃም ነበረ።

ስትሄድ ቆሞ ሸኛት። ከዚያ ተመልሶ ያመጣችውን ምግብ በሙሉ በላ። ከብዙ ጊዜ ወዲህ በልቶ የጠገበው ያን ቀን ነው።

ከሰዓት በኋላ ጉልላት ከለቅሶ ሲመለስ አጥሩ በር ላይ አገኘው።

"ወንፈሌን ፈልጌ ነው" አለው ፈቀደ።

"የምን ወንፈል?"

"ከዚያ የካቲት በፊት፣ በጥር፣ ይህን ቤት ስትሠራ አራት ቀን ማገር ማግሬልሃለሁ። አልመለስክልኝም።"

ጉልላት ፈገግ አለ። "እሺ፣ አልካድኩም። ግን በምን ልመልስልህ? መሬት የለህ፣ የምታሠራው ቤት የለህ።"

"ከኦቦ ገሜዳ ዘንድ። እኔ ላይ እቆማለሁ፣ አንተ ከሥር ትጎትታለህ። አራት ቀን።"

"ከሥርህ?" ጉልላት ዙሪያውን አየ። "አብደሃል እንዴ?"

"ያልከው አንተ ነህ። ከልጅነቴ ነው።"

"ፈቀደ፣ ስማኝ..."

"ልጆቹ ገፈርሳ የደረሱት በእግራቸው ነው" አለ ፈቀደ። "ትልቁ በእግሩ፣ ትንሹ በጀርባዋ ላይ።"

ጉልላት በሩን ለመክፈት የዘረጋው እጅ መወርወሪያው ላይ ቀረ። ከጋጣው በቅሎዋ አፏን ስታራግፍ ይሰማ ነበር።

"ነገርካት?" አለ በመጨረሻ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

"ጠየቅኋት እንጂ አልነገርኳትም።"

"ታውቃለህ፣ ያን ዕለት..."

"ሰኞ ፀሐይ ሳትሞቅ" አለ ፈቀደ። "ለራስህ መሸፈኛ ጆንያ ይዘህ ና። ሰጋቱራው ዓይን ያሳውራል።"

ሰኞ ጠዋት ኦቦ ገሜዳ ሁለቱን ሲያዩ ከመቀመጫቸው አልተነሡም።

"አራት ቀን ብቻ ይስጡኝ፣ ኦቦ ገሜዳ" አለ ፈቀደ። "ከሥሬ የሚገባ ሰው አምጥቻለሁ።"

"ማን?"

"እኔ ነኝ" አለ ጉልላት። ጆንያውን ትከሻው ላይ ጥሏል።

"አንተ?" ሽማግሌው ዓይናቸውን አጠበቡ። "ዓርብ ዕለት እዚህ በርጩማ ላይ ተቀምጠህ የተናገርከው አንተ ነህ አይደል?"

ጉልላት ወደ መሰላሉ ሄደ፣ ወረደ፣ ጆንያውን ራሱ ላይ አደረገ። ይገዙ አፉን ከፍቶ ቀረ።

"ኧረ ጉድ! ከልጅነቱ ነው ያለው ሰው ራሱ ገባ!"

ኦቦ ገሜዳ ወደ ጉድጓዱ አዩ፣ ወደ ፈቀደ አዩ። ሊጠይቁ የነበረውን ተዉት። የላይኛውን እጀታ አንሥተው ለፈቀደ ሰጡት። "እግርህን ለያይተህ ቁም" አሉ። "ስታነሣ ብቻ ነው ጉልበት የምታወጣው፤ ሲወርድ አላላው፣ እሱ ይጎትተዋል። ዓይንህ ከመስመሩ አይነሣ። ሰው ቢጠራህም አትይ።"

የመጀመሪያው ቀን መጋዙ ሄደ ከማለት አልሄደም ማለት ይቀላል። ነክሶ ይቆማል፤ ኦቦ ገሜዳ ሽብልቅ እየመቱ ያስለቅቁታል። ከሰዓት በኋላ ግን አንድ ነገር መጣ። ሽቅብ፣ ቁልቁል፣ ሽቅብ፣ ቁልቁል፤ የመጋዙ ድምፅ ትንፋሹን አስተካከለለት። ፈቀደ ያን ያህል ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ሰምቶ አያውቅም ነበር።

ማክሰኞ ረፋድ ላይ በመንገዱ ካሚዮን መጣ። ከሩቅ አወቀው። ላቡ ፈላ፣ እጁ እንጨት ሆነ፣ መጋዙ መሃል ላይ ቆመ። ጣውላው፣ መስመሩ፣ ሁሉም ከፊቱ ራቀ።

"ፈቀደ!" ከታች ጉልላት ጮኸ። "ፈቀደ! እንዳትለቀው!"

"ቁም" አሉ ኦቦ ገሜዳ፣ ቀስ ብለው፣ በጎኑ። "አትጎትት፣ አትልቀቅ። ያዘው ብቻ። እስኪያልፍ እንቆማለን። አንተም ከታች ዝም በል።"

ካሚዮኑ እያጉረመረመ፣ ጭቃ እየረጨ፣ በአጥሩ ጥግ አለፈ። ፈቀደ እጀታውን እንደያዘ ነበር። ጣቶቹ ነጭ ሆነዋል፤ አልለቀቀም።

"እንግዲህ አወቅነው" አሉ ሽማግሌው። "ካሚዮን ሲመጣ ሥራ ይቆማል። የዚህ ቤት ሕግ ነው።"

"መልካም ሕግ ነው" አለ ይገዙ ከጥላው። "ለእኔማ ዶሮ ሲያልፍም ይቁም።"

ወንፈል የጠራ ሰው ያበላል። ፈቀደ በየቀኑ እኩለ ቀን ላይ በሶ በጥብጦ፣ በመጀመሪያ ለጉልላት ነበር የሚሰጠው። አብሮት ግን አይቀመጥም። ረቡዕ ጉልላት ከጉድጓዱ ሳይወጣ፣ በሶውን እንደያዘ፣ ከሥር ተናገረ።

"ወታደሮቹ ከወንዙ ማዶ ነበሩ። ክዳኑን ባነሣ፣ ሁለት ሰው በአንድ በቅሎ... እንያዝ ነበር። ማታ እመለሳለሁ ብዬ ነበር። ገፈርሳ ስደርስ ጉልበቴ ከዳኝ። ማታው ሲያልፍ ደግሞ ሞተሃል ብዬ ፈራሁ፤ የሞተ ሰው ማውጣት ፈራሁ። በኋላ እውነቱን ብናገር ትርንጎ እንዴት ታየኛለች?"

ፈቀደ ግንዱ ላይ ተቀምጦ ነበር። ወደ ታች አላየም።

"ጠርቼህ ነበር" አለ።

"ሰምቼሃለሁ።"

"ስንት ጊዜ ጠራሁህ?"

"ሁለት ጊዜ።"

"ሦስት ነው።"

"ሦስተኛውን አልሰማሁም" አለ ጉልላት። "ሄጄ ነበር።"

ፈቀደ ዓይኑን ጨፈነ። አንድ ዓመት ከሰባት ወር ሙሉ ሊሰማ የፈለገው ይህንን ነበር። ደስ ይለኛል ብሎ ያስብ ነበር። ደስ አላለውም።

"ጨርሰሃል?" አለ። "መጋዙን ያዝ። ስትጎትት አታውራ፣ መስመሩ ይስታል።"

ሐሙስ ሳይመሽ የመጨረሻው ጣውላ ከግንዱ ተለየ። ኦቦ ገሜዳ አንሥተው በአንድ ዓይናቸው አዩት፣ እጃቸውን ከዳር እስከ ዳር አስኬዱበት። ከሚሸጡት ክምር ላይ አኖሩት።

"ይገዙ!" አሉ። "ነገ ትገባለህ ወይስ ሌላ ሰው ልፈልግ?"

ይገዙ ራሱን አከከ። "ይህ ቀጭን ሰው አራት ቀን ገብቶ አናቱ በቦታው ካለ፣ የእኔማ ወፍራም ነው። እገባለሁ።" ወደ ፈቀደ ዞሮ፣ "ካሚዮኑ ሲመጣ ግን አስቀድመህ ንገረኝ። እኔም ልዘጋጅ፣ በዚያች ዕረፍት ሦስት ሽንብራ እበላለሁ" አለው።

ጉልላት ከጉድጓዱ ወጥቶ ጆንያውን አራገፈ። ዓይኑ ቀልቷል፣ እጁ ሁለት ቦታ ተልጧል።

"ነገም ልምጣ" አለ። "ከነገ ወዲያም። እስከፈለግህ ድረስ።"

"አራት ቀን ነው የሠራሁልህ። አራት ቀን መልሰሃል።"

"ስለ ሌላው ነው የምልህ።"

"ለሌላው ወንፈል የለም" አለ ፈቀደ።

ጉልላት አንገቱን ደፋ። ጆንያውን አጠፈ፣ ዘረጋ፣ እንደገና አጠፈ። "ትርንጎ እሑድ ምሳ ና ብላሃለች። ሥራ ስለያዝክ ዶሮ ልትሠራ ነው።"

ፈቀደ መጋዙን በዘይት ጨርቅ ያብስ ነበር። ቢሄድ ጉልላት በፊቱ ተቀምጦ ይቆርስለታል፣ እሷም በሁለቱ መካከል እየተመላለሰች ትስቃለች። ጨርቁን አስቀመጠ።

"አልመጣም በላት" አለ። "እሷ ሰኞ ትምጣና እዚህ ላይ ቆሜ ትየኝ። እኔ የምነግራት ነገር የለም። ከጠየቀችኝ ግን አልዋሽላትም።"

ጉልላት ጆንያውን በብብቱ ይዞ በአጥሩ በር ወጣ። ፈቀደ እስኪርቅ አላየውም። ክሩን ከከሰሉ ቅል አውጥቶ የነገውን ግንድ አንድ ጫፍ ያዘና ሁለተኛውን እንዲይዝለት ይገዙን ጠራው።